‹‹አቁም!›› የማለት ዕዳ

‹‹የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም›› ሲባል ሰምተን አድገናል። ዘመኑ ግን ይህን አባባል የሚያስተባብል የሚመስል መሣሪያ ይዞ መጥቷል። ሰርቨር በሚባለው፣ ሺህ ሰዎችን በአንድ ጊዜ በሚያስተናግደው ኮምፒዩተር ውስጥ የተጀመረ ሥራ ገና ሳያልቅ በአንድ ትእዛዝ ይቆማል። ቆሞም አይቀርም፤ እስከዚያች ደቂቃ የሠራው ሁሉ እንዳልተሠራ ሆኖ ይሻራል። የፈሰሰው ውኃ ታፍሶ ወደ እንስራው ይገባል፤ መሬቱም እንኳ እርጥብ አይመስልም።

ለመሆኑ የተጀመረን ነገር መሐል ላይ ማቆም የማን ሥልጣን ነው? ያቆመውስ ሰው ካቆመ በኋላ ከነገሩ ነጻ ይወጣልን? እነዚህ ጥያቄዎች የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የሁላችንም መሆናቸውን የተረዳሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከእርሳቸው ልጀምር።

አክስቴ የሚኖሩት ዳባት ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው ብርዳም ከተማ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኖሮ ጎንደር ለመታከም ተራ ይዘው ነበር። ከሌሊቱ መኪና ሳያመልጣቸው እንዲሄዱ፣ ለሕክምናውና ለማደሪያው የሚሆን ዘጠኝ ሺህ ብር በዋዜማው ምሽት ከአዲስ አበባ በስልኬ ላክሁላቸው። ብሩ ከእኔ ላይ ተቀነሰ፤ ደረሰ የሚል መልእክት ግን አልመጣም። ስልኩ ‹‹በሂደት ላይ›› ብሎ ተገተረ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ፤ ያው ነው። ነግቶ እስኪረፍድም አልተለወጠም። ወደ አክስቴ ብደውል ስልካቸው አይሠራም። ላኪው ድርጅት ዘንድ ደውዬ አንዲት ትሑት ልጅ አገኘሁ።

‹‹ልሰርዝልዎት እችላለሁ፤ ብርዎ ወዲያው ይመለሳል። እርግጠኛ ነዎት?›› አለችኝ።

‹‹እርግጠኛ ነኝ›› አልኋት።

ብሩ ተመለሰልኝ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። በሌላ መንገድ ልልክላቸው አስቤ ተረጋጋሁ።

ወዲያ ማዶ የሆነውን የሰማሁት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ብሩ መግባቱን የሚገልጽ መልእክት ለካ ማታውኑ በአክስቴ ስልክ ደርሷል። ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ አነበበችላቸው፤ መርቀዋት ተኙ። ሌሊት ተነሥተው፣ አንድ ልጅ እጃቸውን ይዟቸው፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ጎንደር ገቡ። ብሩን ሊያወጡ ወኪሉ ዘንድ ሲቀርቡ ሰውዬው ስልካቸውን ተቀብሎ አየና ‹‹እማማ፣ ብሩ የለም። ላኪው መልሶ ወስዶታል›› አላቸው። አክስቴ ምንም አልተናገሩም አሉ። የመመለሻውን ልጁ ከፈለላቸውና ዳባት ገቡ።

በመጨረሻ በስልክ ስናወራ ስለ ዓይናቸው ሳይሆን ስለ እኔ ነበር የሚጨነቁት። ‹‹ልጄ፣ ቸግሮህ ይሆናል ብዬ ነው። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ ምን አለበት?›› አሉኝ። እኔ ሒሳቤ ሞልቶ በተረጋጋሁባቸው ሁለት ቀናት ውስጥ እርሳቸው እኔን እጁን የሰበሰበ የወንድም ልጅ አድርገው፣ ይቅርታም አድርገውልኝ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ ምንም አልሆነም። ከእኔ ዘጠኝ ሺህ ወጥቶ ዘጠኝ ሺህ ተመለሰ፤ ከእርሳቸው ዜሮ ላይ ዘጠኝ ሺህ ገብቶ ዘጠኝ ሺህ ወጣ። ሒሳብ አዋቂ ቢመረምረው ስሕተት አያገኝበትም። ታዲያ ያ የሌሊት መንገድ፣ ያ የሕክምና ተራ፣ ወኪሉ ፊት ያ ዝምታ በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ?

*

ከዚያ በኋላ ይህ መሰረዝ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈለግሁ። የተማርሁት ጋዜጠኝነት እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም፤ የገባኝን ያህል ግን ለአንባቢ ላካፍል።

በሰርቨር ውስጥ በማንኛዋም ሰኮንድ ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፤ አንዱ ሒሳብ ይፈልጋል፣ ሌላው መዝገብ ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ዝርዝር ያወጣል። ከእነርሱ አንዱ መንገድ ዘግቶ ሌሎቹን ሲያስጠብቅ ጠባቂው ባለሙያ የሚይዘው መሣሪያ አለ። መሣሪያው በሂደት ላይ ያሉትን ሥራዎች በተራ ይደረድራቸዋል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥሩን፣ ከተጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ምን እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ባለሙያው ቁጥሩን ጠርቶ ‹‹ይህ ይቁም›› ይላል።

ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ‹‹ይቁም›› ማለት እና መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በደንብ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ የማቆሚያው ትእዛዝ እንደ ጥይት አይደለም፤ እንደ ደብዳቤ ነው። ሥራው በየመሐሉ ቆም እያለ ‹‹አቁም የሚል መልእክት መጥቶልኛል ወይ?›› ብሎ ራሱን የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉት። መልእክቱን የሚቀበለው እዚያ ሲደርስ ብቻ ነው። ከቶ ሊቋረጥባቸው የማይገባ አጫጭር ቦታዎችም አሉት፤ ለምሳሌ የመዝገቡን አንድ ገጽ እየጻፈ ግማሽ ላይ ሲሆን። ያን ጊዜ ትእዛዙ ደጅ ይጠናል።

ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ በእርሱ አምሳል በተሠራው በሊኑክስም ጭምር፣ የማቆሚያው ትእዛዝ ስሙ ‹‹ግደል›› ማለት ነው። ስሙ ይክፋ እንጂ በተለምዶ የሚልከው ቁጥር 15 የሚባለውን ምልክት ነው፤ ትርጉሙም ‹‹ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ›› እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይሰማል፤ የከፈተውን ይዘጋል፤ የያዘውን ይለቅቃል፤ ከዚያ ይወጣል። እምቢ ካለ ወይም ከደነቆረ ደግሞ ቁጥር 9 አለ። ቁጥር 9ን ፕሮግራሙ አይሰማውም፤ ሊሰማውም አይችልም። ሥርዓቱ ራሱ አንሥቶ ይጥለዋል። ግማሽ የተጻፈው ግማሽ እንደሆነ ይቀራል። ሥራቸውን የሚያከብሩ ባለሙያዎች 15ን ሳይሞክሩ 9ን አያነሡም። ፖስትግረስ የሚባለው የመረጃ ቋትም ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለው፤ አንደኛው የተያዘውን ጥያቄ ብቻ ያቆማል፣ ሁለተኛው ግን ጠያቂውን ጭምር ከበሩ ያስወጣዋል።

ሰው ለሰው የማያደርገውን ትሕትና ማሽን ለማሽን ተምሮት ሳይ አፈርሁ። እኛ ልጅ ሲጫወት፣ ሠራተኛ ሲሠራ፣ ሰው ሲናገር የምናቆመው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር 9 ነው።

ሆኖም መሣሪያው የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ቁጥሩን ያሳያል፤ በቁጥሩ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው አያሳይም። ያቺ ትሑት ልጅ ‹‹እርግጠኛ ነዎት?›› ስትለኝ ያየችው የእኔን ጥያቄ እንጂ በጨለማ መኪና ተሳፍረው የሚሄዱትን አሮጊት አልነበረም። ‹‹እርግጠኛ ነኝ›› ያልሁት እኔም እርግጠኛ የሆንሁት በራሴ ግማሽ ነበር። በአንድ ወገን ብቻ ያለ እርግጠኝነት ደግሞ እውነት እየመሰለ ሰውን ያስታል።

*

መዝገብን ወደ ነበረበት የመመለስ ሐሳብ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ጂም ግሬይ በዚህ መስክ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቶታል። የሐሳቡ እምብርት ቀላል ነው፦ አንድ ጉዳይ ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸም፣ ወይ ከነጭራሹ እንዳልተጀመረ ይሁን፤ መሐል ላይ የሚቀር ነገር አይኑር። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሳይጨመር የሚቀር ብር እንዳይኖር ዓለም ዛሬ የሚታመነው በዚህ ሕግ ነው።

ነገር ግን ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረበው ጽሑፍ ሥራዎችን ሲለይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስገብቷል። ሊሻሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ ከተሠሩ ግን ፈጽሞ የማይሻሩ ሥራዎችም አሉ፤ ከማሽኑ ወጥተው ዓለምን የነኩ ናቸውና። የገንዘብ ማሽኑ ኖቱን ቆጥሮ በሰው እጅ ካስገባ በኋላ መዝገቡን ብትመልሰው ኖቱ አይመለስም። ስለዚህ መሻርን የፈለሰፉት ሰዎች ራሳቸው ‹‹የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም›› የሚለውን ተረት አልካዱትም። የካድነው እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን።

ይህን አገራችን በዓይኗ አይታዋለች። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተገለጸ፤ ባንኩ በራሱ ሥርዓት ላይ ሲያካሂድ ከነበረው የማሻሻልና የፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ በእኩለ ሌሊት በገንዘብ ማሽኖች ፊት ረጃጅም ሰልፍ ታየ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደረገ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የታጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር።

ባንኩ ምን አደረገ? ሁሉንም አቆመ። ለሰዓታት ማንም ማውጣት፣ ማንም ማስገባት አልቻለም። በመዝገብ ላይ ብቻ የቀሩትን ዝውውሮች መሻር ቀላል ነበር፤ በኖት የወጣውን ግን ማሽን ሊሽረው አልቻለም። ያን የሻረው ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ተቆጡ፤ ብዙ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው መለሱ። ባልመለሱት ላይ ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከጠፋው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመለሰ። ማሽኑ የማይችለውን ኅሊና፣ እፍረትና ፍርሃት ሠሩት። ፎቶግራፍ መለጠፉ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ነው። የተለጠፈ ፊት ገንዘቡ ሲመለስ ቢነሣም ካዩት ሰዎች አእምሮ አይነሣም። እርሱም ከማይሻሩት ወገን ነው።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳያጠፋ ካርዱን ይዞ ማሽን ፊት የቆመ ሰው ነበር፤ መድኃኒት ሊገዛ፣ ለቀብር ሊሄድ፣ ተሳፍሮ ሊመለስ። ባንኩ ማቆሙ ትክክል ነበር እላለሁ። እያንዳንዷ ደቂቃ የሕዝብ ገንዘብ ይዛ ትፈስስ ነበርና። ነገር ግን በትክክል የተሰጠ ‹‹አቁም›› ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። በትክክል ያቆመም ሰው ላልበደለው ተጎጂ ይቅርታና ማብራሪያ ይበደራል። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ‹‹ልክ ነበርሁ›› ስንል ‹‹ምንም አላጠፋሁም፣ ለማንም ምንም የለብኝም›› ማለታችን ይሆናል።

ሳያውቁ ማቆም ደግሞ ከአለማቆም ሊብስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ኮምፒዩተሮቹ አብደው ያልታዘዙትን ይገዙና ይሸጡ ጀመር። የድርጅቱ ሰዎች ደንግጠው አዲሱን ፕሮግራም ከሰርቨሮቹ ነቀሉት። ጥፋቱ ግን ከአዲሱ ሳይሆን በአንድ ሰርቨር ላይ ተረስቶ ከቀረው ከአሮጌው ነበር። አዲሱ ሲነቀል አሮጌው በሁሉም ላይ ነቃና ጥፋቱ ተባዛ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ የነካው ግን ደኅነኛውን ነው።

*

አባቶቻችን ሰርቨር አልነበራቸውም፤ ‹‹አቁም›› የሚሉበት መሣሪያ ግን ነበራቸው። ‹‹በሕግ አምላክ!›› ይሉ ነበር። በመንገድ የሚሄድ ሰው፣ በትር ያነሣ ተጣይ፣ ከብት የሚነዳ ባላጋራ ይህ ቃል ሲጠራበት ይቆማል። ዘበኛ አያስፈልግም፤ የጠራው ሕፃን ወይም ሴት ቢሆንም ቃሉ ያው ቃል ነው። አልፎ የሄደ ሰው የደፈረው ጠሪውን ሳይሆን ሕጉን ነው።

የእኔን ልብ የያዘው ግን ከጥሪው በኋላ የሚመጣው ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጠሩና ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አስተውሉ፤ የታሰረው የቆመው ብቻ አይደለም። ያቆመውም ታስሯል። ‹‹አቁም›› ያለ ሰው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚሄድበትን ትቶ፣ ገበያው ቀርቶበት፣ ካቆመው ሰው ጋር በአንድ ነጠላ ተጠፍሮ፣ በዳኛ ፊት ‹‹ስለ ምን አቆምኸው?›› ለሚል ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ይሄዳል። ማቆም የሚያስከፍል ነገር ነበር። ስለዚህም ማንም በከንቱ አያነሣውም።

ግዝትም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ካህኑ ወይም ሽማግሌው መሐል ገብቶ ይገዝታል፤ ጠቡ ባለበት ይቆማል። ግዝቱ ግን ራሱን አይፈታም። ያሰረው አፍ መልሶ መፍታት አለበት። ገዝቶ ጥሎ የሄደ ካህን ሁለት ሰዎችን በአየር ላይ አንጠልጥሎ እንደተወ ይቆጠራል። ያቆመ ሰው እስከ ዕርቁ ድረስ የነገሩ ባለቤት ነው።

የዛሬው የማቆሚያ ቁልፍ ይህን ቋጠሮ ፈትቶታል። የሚያቆመውና የሚቆምበት አይተያዩም፤ አይተዋወቁም፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጎንደር ነው። መሣሪያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ከላይ እንዳልሁት መሣሪያውስ ከብዙዎቻችን ይልቅ ጨዋ ነው። የጎደለው ነጠላው ነው።

*

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ይገባኛል። ‹‹እንዲህ ካስፈራራኸንማ ማን ደፍሮ ያቆማል? ክፉ ነገር ሲሠራ እያየን ‹ማዶ ያለው ማን ይሆን?› እያልን ልንቆም ነውን?›› የሚል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። በእኛ አገር የበዛው በችኮላ ማቆም ሳይሆን ‹‹አንዴ ተጀምሯል›› እያሉ መግፋት ነው የሚል ሰው አልሞግተውም። የተሳሳተ መንገድ ግማሹን ከሄድሁት ብሎ መጨረስ ኪሳራን በእጥፍ መክፈል ነው።

ከሁሉ የሚከብደውን ምሳሌ ልጥቀስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ያ ጦርነት ‹‹ይቁም›› የተባለው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ነው። ግን ፊርማው ብቻውን አልበቃም። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን፣ የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች ናይሮቢ ላይ ተገናኝተው አፈጻጸሙን መፈራረም ነበረባቸው። ‹‹ይቁም›› ማለትና መቆም ሁለት መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። መልእክቱ እስከ ምሽጉ፣ ጣቱን ቃታ ላይ እስካደረገው ወጣት ድረስ መድረስ አለበት፤ ያ ወጣትም ‹‹አቁም ተብያለሁን?›› ብሎ የሚሰማበት ቦታ በውስጡ ሊኖረው ይገባል።

ያን ጦርነት ማቆም ከመግፋት የተሻለ መሆኑን የሚጠራጠር አለ ብዬ አላምንም። ቢሆንም ‹‹ወደ ነበርንበት ተመለስን›› ብሎ የጭናን እናት የሚያጽናና ሰው ካለ ቃሉን ቢመረምር ይሻላል። ጦርነት ይቆማል እንጂ አይሻርም። እርሷ ከሞቱት ወገን ሳትሆን ከቆሙት ወገን ናት፤ ‹‹አቁም›› ያሉትም ሁሉ ከእርሷ ጋር በአንድ ነጠላ ተቋጥረዋል። ቋጠሮው ሳይፈታ እየተረሳ ስለሄደ ይመስለኛል ክልሉ ከዚያም በኋላ ጸጥታ ያላገኘው፤ ሌላም ምክንያት ብዙ ቢኖርም።

ከዳባት ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ደባርቅ ዳር፣ ሌላ ጸጥ ያለ ምሳሌ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። እርሻውና ግጦሹ በፓርኩ ውስጥ መቆም ነበረበት። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ መንደር አባወራዎች ከአምባቸው ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውና ሣሩ ፋታ አገኙ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በጉን ሲያሰማራ፣ ገብሱን ሲያጭድ ኖሮ ከተማ ዳር የወረደ ገበሬ ሕይወቱ መሐል ላይ የተቋረጠበት ነው። በፓርኩ መዝገብ ሥራው ተጠናቋል፤ በእርሱ ቤት ግን ዛሬም ‹‹በሂደት ላይ›› ነው። ካሳ ተሰጠው አልተሰጠው ብቻ አይደለም ጥያቄው፤ ያቆመው ወገን አሁንም ከእርሱ ጋር ተቋጥሯል ወይስ ጫፉን ለቅቆ ሄዷል?

*

በበኩሌ የደረስሁበት ይህ ነው። ማቆም አንዳንዴ ግዴታ ነው፤ አንዳንዴም ከሁሉ የበለጠ ጀግንነት ነው። ነገር ግን የሚያቆም ሰው ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ጊዜ ካለ፣ ከማዶ ማን እንደቆመ መጠየቅ፤ ‹‹እርግጠኛ ነህ?›› ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከራስ ወገን ብቻ አለመስጠት። ሁለተኛ፣ ከቁጥር 9 በፊት ቁጥር 15ን መሞከር፤ የሚቆመው ዕቃውን የሚሰበስብበት፣ የጀመረውን ቃል የሚጨርስበት ፋታ መስጠት። ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል፤ ካቆሙ በኋላ አለመሄድ። መዝገቡ የመለሰውን መዝገቡ መልሷል፤ መዝገቡ ሊመልሰው ያልቻለውን ቀን፣ ተራ፣ ክብር መፈለግና የሚቻለውን መካስ ያቆመው ሰው ድርሻ ነው።

ጊዜ በማይኖርበት ሰዓት የመጀመሪያው ሊቀር ይችላል፤ ሁለተኛውም ሊቀር ይችላል። ባንኩ በዚያች ሌሊት ያን ሁሉ ሰው እየጠራ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ሦስተኛው ግን በማንኛውም ጊዜ አይቀርም፤ ጊዜ ስላልነበረ የተዘለለው ሁሉ በሦስተኛው ላይ ይደመራልና።

በእኔ ነገር ጊዜ ነበረኝ። የአክስቴ ስልክ ባይሠራ የጎረቤታቸው ይሠራ ነበር፤ የወኪሉም ይሠራ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ብቻ መድከም በቂ ነበር። ያልደከምሁት ብሬ የጠፋ ስለመሰለኝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያን ጠዋት ከአክስቴ ዓይን ይልቅ የታየኝ ዘጠኙ ሺህ ነበር። ‹‹ሰርዢልኝ›› ያለው አፍ የእኔው ነው፤ በልጅቷም በድርጅቱም አላሳብብም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብሩን በስልክ አልላክሁም። ራሴ ሄድሁ። አዲስ ተራ ለመያዝ ብዙ ደጅ ጠናን፤ ወራት ወሰደ፤ ዓይናቸው በመጨረሻ ታከመ። ከጎንደር ወደ ዳባት ስንመለስ አክስቴ በመስኮቱ ገደሉን፣ ገብሱን፣ የሚያልፈውን ሰው እየቆጠሩ ያሳዩኝ ነበር። ስለዚያ ቀን ተናግረው አያውቁም። እኔ ግን አንድ ቀን ጀምሬ ‹‹አክስቴ፣ ያን ጊዜ ብሩን የመለስሁት...›› ስል ነጠላቸውን አስተካክለው ‹‹ተው ልጄ፣ አልፏል›› አሉኝ።

እርሳቸው ጫፉን ለቀቁልኝ። የእኔን ጫፍ ግን እስካሁን እንደያዝሁት ነኝ።